ክረምት ሳይገባ የቤትን መሠረት ስለ መጠበቅ

ነጋዴ የሆነ ሰው ዕቃውን ከሌባ ለመጠበቅ ብዙ ይደክማል። በሩን በብረት ያስገጥማል፤ ቁልፉን ይደራርባል፤ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ማታ ማታም ሒሳቡን ሳይቈጥር አይተኛም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በር ሳያንኳኳ፣ ዘበኛም ሳያየው ከቤቱ ሥር የሚገባ አንድ ሌባ አለ፤ እርሱም የክረምት ውሃ ነው። ሌላው ሌባ የወሰደው ዕቃ በማግስቱ ይታወቃል። ይህኛው ግን የወሰደው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ በሩም አልዘጋ ሲል ነው። የአገሩ ሰው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብሎ የተናገረው ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ቢሆንም፣ ለሱቅና ለመጋዘን ባለቤትም የሚገባ ምክር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤትን ከክረምት ጉዳት መጠበቅ የግንበኛ ወይም የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለንግድ የዋለው ገንዘብ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ቤት ወለል ላይ ነው። ከውጭ አገር የመጣው ጨርቅ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቡናና ሰሊጥ፣ ለችርቻሮ የተደረደረው ስኳርና ሳሙና ሁሉ ቤቱ ከቆመ ይቆማል፤ ቤቱ ከረጠበ ይረጥባል። ስለዚህ ስለ መሠረት የሚያወጣውን ጥቂት ገንዘብ እንደ ኪሳራ የሚቈጥር ነጋዴ ሒሳቡን በደንብ አልሠራም ማለት ነው።

አስቀድሞ የውሃውን ብዛት በቍጥር ማየት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ወራት ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ በእያንዳንዱ ወር የሚዘንበው አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሚሊሜትር ይበልጣል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሱቅ ቢኖር፣ የጣራው ስፋት 100 ካሬ ሜትር ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚቀበለውም ውሃ ቢያንስ 20,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሲሞላ 100 በርሜል ነው፤ በሁለቱ ወራት ደግሞ 200 በርሜል ይደርሳል። ጣራው አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ውሃ የሚወድቀው ከግድግዳው እግር ሥር ነው። በየቀኑ ሦስት ወይም አራት በርሜል ውሃ አምጥቶ በገዛ መሠረቱ ላይ የሚደፋ ሰው ቢታይ ጎረቤቱ ሁሉ አእምሮው ተነካ ይለው ነበር። አሸንዳ ያልሰቀለ ባለቤት ግን ይህንኑ ሲያደርግ ማንም አይደነቅበትም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የመሬቱ ዐይነት ነው። አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት አፈር የላትም። በሰሜን በኩል፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ተዳፋት፣ ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ አፈሩም በአብዛኛው ቀላ ያለ ነው። ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ሲወረድ ግን ሜዳው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ነው። ከከተማው ውጭም በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ፣ በበቾም ሜዳ ይህ አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል። በመላው ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ መሬት እንዲህ ያለ አፈር እንዳለው የአፈር ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ለጤፍና ለሽንብራ የተመሰገነ መሬት ነው፤ ለቤት ግን ክፉ ጎረቤት ነው።

የክፋቱም ምክንያት ይህ ነው። መረሬ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል። ውሃውን ሲያጣ ደግሞ ይኰማተራል፤ በበጋም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ ላይ የተሠራ ቤት በክረምት ወደ ላይ ይገፋል፤ በበጋ ወደ ታች ይወርዳል። መላው ቤት እኩል ተነሥቶ እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ውሃው በአንዱ ማዕዘን ሲጠራቀም፣ ሌላው ማዕዘን ደግሞ ደርቆ ሲቀር፣ ቤቱ እንደ ተጠመዘዘ ሣጥን ይሆናል። ድንጋይና ሲሚንቶ ሸክም ይችላሉ እንጂ መጠምዘዝን አይችሉም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃሉ። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት መሠረትን የሚጎዳው ውሃው ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው እዚህ በዝቶ እዚያ ማነሱ ጭምር መሆኑ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የባዕድ አገር መጽሐፍ አንብቦ ብቻ መወሰን ያሳስታል። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ «ክረምት» ሲባል ብርድና በረዶ ነው። በዚያ ያለው ጠላት በአፈር ውስጥ የገባው ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ያህል መስፋቱና መሠረቱን ማንሣቱ ነው። ስለሆነም የዚያ አገር ግንበኛ መሠረቱን ብርዱ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች አውርዶ ይጥላል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ውሃ በመሬት ውስጥ አይረጋም፤ ክረምት ማለት ዝናብ ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከውን የቤት ንድፍ እንዳለ ወስዶ በመረሬ ላይ የሚያሠራ ሰው ለማይመጣ ጠላት አጥር ሠርቶ ለሚመጣው በሩን ከፍቶ መተዉ ነው። በተለይ ከምድር በታች ክፍል ያለው ንድፍ የውሃ መውጫው ሳይታሰብ ከተሠራ፣ ክፍሉ ለዕቃ ማከማቻ የታሰበ ሲሆን የውሃ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

መሠረት ሲጎዳ ምልክት ሳይሰጥ አይቀርም። የመጀመሪያው ምልክት ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው በበጋ በደንብ ይዘጋ የነበረ በር በነሐሴ መታገሉ ነው። ሦስተኛው በግድግዳው እግር ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት መታየቱ፣ ልስኑም አብጦ መርገፉ ነው፤ ይህም ውሃ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ እንደሚወጣ ያሳያል። አራተኛው የወለሉ መሃል ማበጡ ወይም ዳሩ መስመጡ ነው። አምስተኛው በጥርና በየካቲት በመሠረቱና በአፈሩ መካከል ክፍተት መታየቱ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ የሚገባው በዚሁ ክፍተት ነው።

ስንጥቅ ሁሉ የመፍረስ ምልክት ነው ማለት አይደለም። አዲስ ልስን ሲደርቅ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ስንጥቁ የሚሄድ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን በአጠገቡ መጻፍ ይበቃል። ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ ወይም ከሰፋ፣ ነገሩ ለግንበኛ ሳይሆን ለመሐንዲስ የሚነገር ነው። የዱቤ መዝገብ በጥንቃቄ የሚይዝ ነጋዴ የገዛ ግድግዳውን መዝገብ ለመያዝ ሊከብደው አይገባም።

ብዙ ባለቤቶች ግን ምልክቱን ሲያዩ የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሲሚንቶ አስበጥብጠው ስንጥቁን ያስደፍናሉ፤ የረጠበውንም የግድግዳ እግር በወፍራም ልስን ያስሸፍናሉ፤ ከዚያም ቀለም ያስቀባሉ። ይህ ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ መሸፈን ነው። በተለይ በድንጋይና በጭቃ፣ ወይም በድንጋይና በኖራ በተሠሩት አሮጌ ቤቶች ላይ ሲሚንቶ መለሰን ጉዳቱን ያብሳል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባው ርጥበት በውጭ በኩል መውጫ ሲያጣ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይሄዳልና። በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተሠሩት የንግድ ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመው የሚገኙት ጥቂቶች የዚህ ምስክሮች ናቸው። የቆዩት ሰፊ የጣራ ክፈፍ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ እግር፣ ነፋስም የሚያገኝ የእንጨት ወለል ስላላቸው ነው እንጂ ሲሚንቶ ስለ በዛላቸው አይደለም።

ትክክለኛው መድኃኒት ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ ነው። ይህም ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይሠራል። መጀመሪያ ጣራው አሸንዳ ይኑረው፤ አሸንዳውም ወደ መውረጃው ያዘነበለ ይሁን፤ በውስጡ የተጠራቀመው ቅጠልና አፈር በየዓመቱ በግንቦት ይጠረግ። ሁለተኛ፣ የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን ከግድግዳው ሥር እንዳይጥል በቱቦ ወይም በቦይ ተቀብሎ ራቅ ያድርገው። አሸንዳ ሰቅሎ መውረጃውን በማዕዘኑ ሥር የሚተው ሰው በቤቱ ዙሪያ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ያፈሰዋል፤ እንዲህ ከሆነ አሸንዳው ባይኖር ይሻል ነበር።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ ያዘንብል። በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል፤ ይህንንም በገመድና በውሃ ልክ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሊለካው ይችላል። አራተኛ፣ ከግድግዳው ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ይነጠፍ፤ ንጣፉ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍተት እንዳይኖረው በየዓመቱ ይታይ። አምስተኛ፣ ከንጣፉ ውጭ ውሃውን ተቀብሎ ወደ መንገዱ ፍሳሽ የሚወስድ ቦይ ይቈፈር። ስድስተኛ፣ አትክልት የሚጠጣበት መደብና የሽንት ቤት ጉድጓድ ከግድግዳው ይራቁ፤ የሚያንጠባጥብ የውሃ ቧንቧም ሳይውል ሳያድር ይጠገን፤ ክረምት ባይኖርም እርሱ ዓመቱን ሙሉ ክረምት ነውና።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በመስጠት ባለውለታ ነው። ሆኖም ሥሩ ውሃ የሚስብ ስለሆነ፣ በመረሬ ላይ ከተሠራ ቤት አጠገብ ሲተከል በበጋ አፈሩን በአንድ ወገን ያደርቀዋል፤ ያ የቤቱ ወገንም ይሰምጣል። አድጎ የቆየውን ዛፍ በድንገት መቍረጥ ደግሞ አፈሩ ውሃ መልሶ እንዲጠጣና እንዲያብጥ ያደርጋል። ስለዚህ የሚሻለው ከመጀመሪያው አርቆ መትከል ነው፤ የቆየ ዛፍ ካለም ከመቍረጥ በፊት የሚያውቅ ሰው ማማከር ይገባል።

በከተሞች ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ አሁንም የጭቃ ቤቶች ናቸው። የጭቃ ቤት መሠረት እንጨቱ ነው፤ እንጨቱም የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ላይኛው ግድግዳ ጤነኛ መስሎ ሳለ ታችኛው ቋሚ በምስጥና በርጥበት አልቆ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ ይህን ለማወቅ ቢፈልግ በግድግዳው እግር ላይ ያለውን ጭቃ በጥቂቱ ፈልፍሎ ቋሚውን በቢላዋ ጫፍ ይውጋው፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አብቅቶለታል። የተጎዳውን ቋሚ አንድ በአንድ እየቀየሩ በድንጋይ እግር ላይ ማቆም በአናጢ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ሲወድቅ ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይጎዳል፤ በክረምት ሌሊት የተናደ ግድግዳ ከሥሩ የተኛውን የሱቅ ልጅ ወይም ዘበኛ አይመርጥም። የመሠረት ነገር የገንዘብ ነገር ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚልኩት ነጋዴዎች ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል። ለገበያ የተዘጋጀ ቡና ርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። በደረቅ ቀን ተለክቶ የገባው ቡና ከወለሉ ርጥበት እየሳበ ሁለት ወር ከቆየ፣ ሽታውና ቀለሙ ይለወጣል፤ ሻጋታም ይይዘዋል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንሳል ወይም ጭራሹን ይመልሰዋል። ነጋዴው በዚያን ጊዜ አቅራቢውን ወይም አጓጓዡን ይወቅሳል፤ በደለኛው ግን የመጋዘኑ ወለል ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ጆንያ በወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር፤ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ነፋስ እንዲያልፍና የግድግዳው እግር እንዲታይ ነው። አዲስ ወለል የሚሠራ ከሆነም ከሲሚንቶው በታች ከድንጋዩ በላይ ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ ቢነጠፍ፣ ርጥበት ከመሬት እንዳይወጣ ይከለክላል። ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት የጭነት መኪና የቈፈረው ጎድጓዳ ቦታ ውሃ እንዳይቋጥር በጠጠር መሞላት አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ እርሱም «ቤቱ የእኔ አይደለም» የሚለው ነው። ክርክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ቍጥር 47 ከወጣ ወዲህ፣ ብዙ ሱቆች የሚሠሩት በቀበሌና በመንግሥት ቤት ኪራይ ነው። ሌሎቹም ከግል ባለቤት በአጭር ጊዜ ውል የተከራዩ ናቸው። ተከራዩ ነገ ልውጣ አልውጣ ሳላውቅ ስለ ምን ለሌላ ሰው መሠረት ገንዘቤን አፈሳለሁ ይላል። አከራዩ ደግሞ የሚነግድበት እርሱ ነው፤ እርሱ ያሳድስ ይላል። ሁለቱ ሲከራከሩ ውሃው ሥራውን ይቀጥላል።

የሕጉ አካሄድ ሲታይ ነገሩ ያን ያህል የተሰወረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በሚናገርበት ክፍል የአከራይን ጥገናና የተከራይን ጥገና ለይቶ ያያል። ከዚህም በላይ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ሊለየው የሚችል ድንበር አለ። መሠረት፣ ግድግዳና ጣራ የቤቱ አካል ናቸው፤ የእነርሱ ጥገና የባለቤቱ ነው። አሸንዳ መጥረግ፣ ቦይ መክፈት፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ማስጠገንና ጉዳት ሲታይ ቶሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ግን በቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው የቀረበ ሥራ ነው። አከራዩ በሌላ ከተማ ሆኖ በነሐሴ ሌሊት የወረደውን ውሃ ሊያይ አይችልም፤ የሚያየው ተከራዩ ነው። አይቶ ዝም ያለ ተከራይ ዕቃው ሲበላሽ የሚያቀርበው አቤቱታ ጕልበት ያንሰዋል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ነገሩን በውል ላይ ማስፈር ነው። የኪራይ ውል ሲጻፍ የኪራዩ ዋጋና የመክፈያው ቀን በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ስለ መሠረትና ስለ ፍሳሽ ግን አንድ መስመር አይጻፍም። ተከራዩ በግንቦት አሸንዳውንና ቦዩን እንደሚያጠራ፣ አከራዩ የመሠረቱንና የግድግዳውን ጥገና እንደሚችል፣ ተከራዩ በአከራዩ ፈቃድ በገንዘቡ ያስጠገነው ከኪራይ እንደሚታሰብለት ሦስት መስመር ቢጻፍ፣ ከብዙ ጠብና ከብዙ ኪሳራ ያድናል። አከራዮች ይህን እንደ ዕዳ ሊያዩት አይገባም፤ ተከራይ ቢሄድ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ የተሰነጠቀው ቤት የሚቀረው ለባለቤቱ ነው።

ሌላው ክርክር ከጎረቤት ጋር የሚነሣው ነው። በገበያ ሰፈር ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ይሠራሉ። አንዱ አሸንዳውን ሲያበጅ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ማዕዘን ይለቃል፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይገፋል፤ በመጨረሻ የሰፈሩ ውሃ ሁሉ ከታች ባለው ምስኪን ባለሱቅ ላይ ያርፋል። ይህ አሠራር ዳኛ ፊት ሳይደርስም ነውር ነው። ውሃ ድንበር አያውቅምና፣ መድኃኒቱም በአንድ ሰው ድንበር ውስጥ ብቻ አይገኝም። በአንድ ረድፍ ያሉ ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው ከላይኛው ሱቅ እስከ መንገዱ ፍሳሽ ድረስ አንድ ቦይ ቢያስቈፍሩ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ለብቻው ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ይሆናል። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ የንግድ ኅብረተሰብ ለቦይ መተባበር ሊያቅተው አይገባም፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

በዚሁ አንጻር ነጋዴዎች ራሳቸውን የሚመረምሩበት አንድ ነገር አለ። የመንገዱ ፍሳሽ ሞልቶ ውሃው ወደ ሱቅ ሲገባ ወቀሳው ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ይወርዳል። ማዘጋጃ ቤት ፍሳሽ የመሥራትና የመጥረግ ግዴታ እንዳለበት አያጠያይቅም። ነገር ግን ፍሳሹን የደፈነው ነገር ሲወጣ ምን ሆኖ ይገኛል? የፈረሰ ካርቶን፣ ፌስታል፣ የማሸጊያ ገመድና የውሃ ጠርሙስ ነው። ይህም በአብዛኛው ከሱቆቹ የወጣ ነው። ጠዋት ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን ወደ ቦይ የሚገፋ የሱቅ ልጅ የጌታውን መሠረት እየቈፈረ መሆኑን የሚነግረው ሊኖር ይገባል።

አስመጪዎችና የሕንጻ መሣሪያ ሻጮችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ለጣራና ለአሸንዳ የሚሸጠው ቆርቆሮ ውፍረቱ በቍጥር ይነገራል፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ግን ብዙ ገዢ አያውቅም። ባለ 35 ቍጥሩን ከባለ 28 ቍጥሩ የሚበልጥ መስሎት የሚገዛ ሰው ሲያጋጥም፣ ሻጩ እውነቱን ቢነግረው ዛሬ ጥቂት ትርፍ ያጣል፤ ደንበኛውን ግን ለዘወትር ያተርፋል። እንዲሁም ውሃ የሚከላከል ቀለምና ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቅ መድኃኒት የሚያስመጡ ሰዎች እነዚህ ዕቃዎች የቦይንና የአሸንዳን ቦታ እንደማይተኩ ለገዢ ሊያስረዱ ይገባል። ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ቦታ ሲውል የሚሰደበው ዕቃውና ሻጩ ነው።

አዲስ ሱቅ ወይም መጋዘን ለማሠራት ያሰበ ነጋዴ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው፤ ነገሩን ከመሬት ጀምሮ ማስተካከል ይችላልና። ቦታው መረሬ ከሆነ አፈሩን በባለሙያ ያስመርምር፤ ጥቁሩን አፈር እስከሚቻል ድረስ አስወጥቶ ውሃ ሲነካው በማያብጥ ጠጠርና በተመረጠ አፈር ያስተካ፤ የቤቱንም ክብደት ወደ ጠንካራው መሬት ያውርድ። ይህ ሥራ ከተሸፈነ በኋላ ስለማይታይ ወጪው ያስቈጫል። በመስተዋትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ግን ሁሉ ያየዋልና ደስ ያሰኛል። ሆኖም ደንበኛ የሚያየው መስተዋት የሚሰነጠቀው ደንበኛ በማያየው መሠረት ምክንያት ነው። አሠሪው ከሠሪው ጋር የሚያደርገውንም ውል በጽሑፍ ይያዝ፤ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሕንጻ ሠሪው ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ሲያደርግ፣ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት ጭምር ኀላፊ ያደርገዋል። ይህን መብት ግን ውሉና የርክክቡ ቀን በእጁ የሌለው ሰው ሊጠቀምበት ይቸገራል።

እርግጥ በአንድ ባለቤት ጥረት የማይመለስ ውሃም አለ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በድሬዳዋ ሌሊት የሞላው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤትና ንብረትም ጠርጓል። እንዲህ ላለው ጎርፍ መከላከያ ግንብ፣ የከተማ ፕላንና ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል እንጂ አሸንዳ አይበቃም። በወንዝ ዳር ርካሽ ቦታ አገኘሁ ብሎ መጋዘን የሚሠራ ሰው የቦታውን ዋጋ ዝቅተኛ ያደረገው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በከተሞች ከሚደርሰው የቤት ጉዳት ብዙው እንዲህ ካለው ታላቅ ጎርፍ የሚመጣ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ ከሚገባውና በዶማና በአካፋ ሊመለስ ከሚችለው ውሃ ነው።

ለሥራውም ጊዜ አለው። በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት፣ ባለቤቱ ጃንጥላ ይዞ አንድ ጊዜ ቤቱን ይዙር፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚቆም ከመሐንዲስ ይልቅ ዝናቡ ራሱ ያሳየዋል። ያየውንም ይጻፍ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መሬቱ ሲጠነክርና ሠራተኛ ሲገኝ፣ ቦዩን ያስቈፍር፤ ንጣፉን ያስነጥፍ። በግንቦት አሸንዳውን ያስጠርግ፤ ቦዩን ያስከፍት። ሰኔ ከገባ በኋላ መሠረት ማስቈፈር ግን ለውሃው መንገድ መጥረግ ነው። ለሥራ የተዘጋጀ ሲሚንቶም በመሬት ላይ ተቀምጦ ክረምቱን ካሳለፈ ድንጋይ ይሆናል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእሳት ነው፤ ለውሃም ሳይረጥብ በአካፋ ቢባል ያስኬዳል። የንግድ ሰው የሚመሰገነው ያተረፈውን በማብዛቱ ብቻ ሳይሆን ያለውን ሳያባክን በማቆየቱ ነው። በመጪው ግንቦት አንድ ቀን ሱቁን ግማሽ ቀን ዘግቶ፣ ከልጆቹና ከሠራተኞቹ ጋር በቤቱ ዙሪያ የዞረ፣ አሸንዳውን የጠረገ፣ ቦዩን የከፈተ፣ ከጎረቤቱም ጋር ስለ ጋራው ፍሳሽ የተነጋገረ ነጋዴ በዚያ ግማሽ ቀን ካጣው ሽያጭ የሚበልጥ ጥቅም አግኝቷል። በነሐሴ ሌሊት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተረጋግቶ መተኛት የሚችለው እርሱ ነው።